የቅዳሜ ጠዋት

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 27፣ 2022

ዛሬ ትራም ላይ የእማዬ የማኅበር ጓደኛ እትዬ አልማዝ አጠገቤ ተቀመጠች። ሌላ ጊዜ "አንቺ ዝምተኛ፣ ዛሬም አፍሽን ቤት ትተሽው መጣሽ?" ትለኝ ነበር። ዛሬ አልቀለደችም።

"የእናትሽ ደም ግፊት እንዴት ነው? መድኃኒቷን በደንብ ትወስዳለች?"

"ትወስዳለች።"

"ቅዳሜ ጠዋትስ ቤት ናት?"

ጥያቄው ደስ አላለኝም። የእማዬ ወንድም፣ አጎቴ ሰለሞን፣ አገር ቤት ወታደር ነው፤ ከትልቁ ውጊያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ሰው ሁሉ ለእማዬ ይደውላል፣ ስለ እሱ ግን ማንም አይጠይቃትም። ባለፈው ወር የጓደኛዬን የሳራን እናት የወንድሟን ሞት ያረዷት ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰብሰብ ብለው መጡ። ከዚያ በፊት ሳራን ስለ እናቷ ጤና ጠይቀዋት ነበር።

"ቅዳሜ ሥራ ትገባለች" ብዬ ዋሸሁ።

"እሑድስ?"

"እሑድም።"

እትዬ አልማዝ እጄን ያዘችኝ። መውረጃዋ ሲያልፍ እንኳን አልለቀቀችኝም።

ቤት ስገባ እማዬ የሥራ ልብሷን እያጠፈች ነበር። "ቅዳሜ እረፍት ነኝ" አለችኝ። "ጠዋት አብረን ለሰለሞን እንደውልለታለን። ምናልባት ያነሳ ይሆናል።"

"እሺ" አልኳት።