ስምሽን ያካፈልኩበት እሑድ

ለባለቤቴ ለአልማዝ፤

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ዘንድሮ እዚህ ሆሳዕና ከተማ ዝናቡ ቀደም ብሎ ነው የጀመረው። የጓሮው እንሰት ደህና ነው፤ አንቺ ያስተከልሽው አቮካዶም ፍሬ ይዟል። ልጃችን ታምራት ሚስቱን ይዞ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረ ወዲህ የሳሎኑን ግድግዳ አረንጓዴ አስቀብቶታል። ቀለሙን አልወደድኩትም። የቤቱን ነገር ሁሉ በተራ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ ዋናው ጉዳይ ግን አላስቀምጥ አለኝ።

ታምራት ልጅ ወልዷል። ሴት ናት። ስሟን አልማዝ ልንላት ነው አለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልዋሽሽም፣ ቀናሁ። ገና አንገቷ ባልጠና ሕፃን ላይ ቀናሁ።

በዚህ ስም ነገር እንዴት እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። አንደኛ ክፍል ስትገቢ፣ እናትሽ ያወጡልሽ የሀዲያ ስም አፉ አልገባ ያለው መምህር ነው አልማዝ ብሎ የመዘገበሽ። ያኔ በየትምህርት ቤቱ የሚደረግ ነገር ነበር። አባትሽ “የመንግሥት ስም” ይሉት ነበር፤ ለትምህርት ቤትና ለቀበሌ የሚያገለግል፣ ቤት ሲገባ ከጫማ ጋር በር ላይ የሚቀር። አልማዝ የሚባለውን ድንጋይ በዓይኑ ያየ ሰው በመንደራችሁ አልነበረም። መምህሩን አላውቀውም፤ በሙያ ወንድሜ ነው። ሆኖም ከእኔ ቀድሞ ስም ስላወጣልሽ እስከ ዛሬ አልወደውም።

ቃሉ ከግሪክ ተነሥቶ በዓረቦች በኩል ነው እኛ ዘንድ የደረሰው፤ መነሻው “የማይበገር” ማለት ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን እየሮጥኩ መጥቼ ስነግርሽ ልብስ እያጠብሽ ነበር። “እኔማ በዚህ ብርድ ልብስ ተበግሬያለሁ፤ ና በዚያ በኩል ያዝና ጭመቅ” አልሽኝ።

ማስተማር ስጀምር አልማዝ ከተማ ከተማ የሚሸት ስም ነበር። ብዙም ሳይቆይ በየክፍሉ ሦስት አራት አልማዝ ይቀመጥ ጀመር። አንቺን ካወቅኩ በኋላ ሁሉንም በአባታቸው ስም ነበር የምጠራቸው። እንዳይምታቱብኝ ነው እል ነበር፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጡረታ በወጣሁበት ዓመት ደግሞ በክፍሌ አንዲትም አልማዝ አልነበረችም። የምራታችን ታናሽ እኅት አራስ ልትጠይቅ ከዱራሜ መጥታ ስሙን ስትሰማ፣ “ምነው፣ የማዘር ስም ለሕፃን?” ብላ ሳቀች። ስለ አንቺ ተቆጣሁ። በልቤ ግን ደስ አለኝ፤ ማንም ካልፈለገው ለእኔ ይቀራል ብዬ።

ባለፈው በአዲሎ ሳልፍ መኪናችን መንገደኛ ሊያወርድ ቆመ። አንድ ሰው “አልማዝዬ!” ብሎ ተጣራ፤ ዝንጅብል የምትሸጥ ሴት “ወዬ” አለች። የገዛ ስሟ ነው። እኔ ግን እስከ ዱራሜ ድረስ ተቀይሜያት ሄድኩ።

ስለዚህ ለታምራት እምቢ የምልበት ምክንያት ፈለግሁ፤ ምክንያቱም ከገዛ ቤታችን ተገኘ። ምራታችን ገነት የዳምቦያ ልጅ ናት፤ ያሳደጓት አያቷ ባሊሻ የሚባለውን የከምባታ ወግ አጥብቀው አስተምረዋታል። ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ በከምባትኛ ስታወራ ከስሙ ጋር አንድ ዓይነት አጀማመር ያላቸውን ቃላት እንኳ በሌላ እየተካች ታልፋቸዋለች። የዛሬ ልጆች ብዙዎቹ ትተውታል። ገነት ግን ለአንቺ አልተወችም። አንቺ ነበርሽ የምትቀልጂባት፤ “በአማርኛም ከጀመርሽው አልችልም፣ አልፈልግም ማለት ሊቀርብሽ ነው” እያልሽ። ታዲያ የልጇን ስም መጥራት የማትችል እናት እንዴት አድርጋ ታሳድጋለች? ለታምራት ይህን በእርጋታ፣ ነጥብ በነጥብ አስረዳሁት። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

ገነት ለካ ከጓዳ ትሰማ ኖሯል። ሕፃኗን አቅፋ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ያቺ ቀና ብላ የማታየኝ ልጅ።

“አባባ” አለችኝ፤ “እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ጠርተዋቸዋል። እኔ አንድ ቀን እንኳ አልጠራኋቸውም። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ስማቸውን እየጠራ ሲያለቅስ፣ እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነው የቀረሁት። አያቴን ጠይቄያለሁ፤ የልጅሽ ስም ከሆነ ምን ታደርጊ፣ ትጠሪዋለሽ ብላኛለች። በልጄ አሳብቤ ልጥራቸው፤ አይከልክሉኝ።”

ምን ልበላት? የምቀናው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሷ ከእኔ የባሰች ሆና ተገኘች። እኔ የቀናሁት ጠግቤ ነው፤ እሷ ግን አንድ ጊዜም ሳትቀምስ።

ሕፃናት በቤተ ክርስቲያን በጉባኤው ፊት ቀርበው በሚጸለይላቸው እሑድ፣ በእኛ ቤት ልማድ ስሙን የሚናገረው አያት ነው። ሽማግሌው ማይክሮፎኑን ወደ እኔ ሲያቀርቡት ወደ ገነት አዞርኩት። ደነገጠች። ታምራትን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ “አልማዝ” አለች። ድምፅዋ አልወጣም። ሽማግሌው “ማን?” ብለው ጠየቋት። ሁለተኛ ስትለው እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። ጸሎቱ ተጀምሮም አላቆመችም፤ በሹክሹክታ ደጋግማ ትለው ነበር። ለሕፃኗ ይሁን ለአንቺ አላውቅም። አጠገቧ ቆሜ አሜን አልኩ።

ቅናቱ አሁንም አልለቀቀኝም። ስምሽ ጠዋት ማታ በግቢው ይጠራል፤ አልማዝ አለቀሰች፣ አልማዝ ተኛች፣ አልማዝን ያዙልኝ። እኔ ለጊዜው ሚጡ ነው የምላት። በስሟ መጥራቴ አይቀርም። ከፍ ስትል ስሙ ከየት ተነሥቶ፣ በማን በማን አፍ አልፎ እሷ ዘንድ እንደደረሰ በትዕግሥት አስተምራታለሁ።

ለአንቺ ግን አንድ ቃል እገባለሁ። አልማዝ በተባለ ቁጥር አስቀድሜ የማስበው አንቺን ነው፤ ሕፃኗ ከአንቺ ቀጥላ ትመጣለች። ይህን ተራ እስክሞት አልለውጠውም፤ ለእሷም አልነግራትም።

ባለቤትሽ