የጥቅምቱ ጠመንጃ

ይድረስ ለልጄ ለጆሊን፤ ባለሽበት በሴኡል ብርዱም ሰዉም ይራራልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

እዚህ ሞንታና ተራራው ዘንድሮ ቀድሞ ነጭ ለብሷል። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ራቴን የምበላው ቆሜ ነው፤ ለአንድ ሰው ምን ገበታ ይዘረጋል? አንቺ ግን ቁጭ ብለሽ ብዪ።

የአባትሽን ጠመንጃ ሸጥኩት፤ ሲተኮስ ትከሻ ይሰብራል። በምትኩ ለትልቁ አጋዘን የሚበቃ፣ ቀለል ያለና ርካሽ መረጥኩ። ሰደፉ ፕላስቲክ ስለሆነ አያምርም። የተረፈኝን ብር ማነጣጠሪያ መነጽሩ ላይ አዋልኩት፤ አባትሽስ «ያላዩትን አይመቱትም» ይል አልነበር? ጀምበር ስትጠልቅ እንኳ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ባለሱቁ ኦርቪል ያነሳሁትን ሲያይ ሳቀብኝ።

«ቬርና፣ እርጅና ግራና ቀኝሽን አምታታብሽ እንዴ? ማቀባበያው በግራ በኩል ነው፤ ይሄ እኮ የግራኝ ነው!»

«አንተ ዝም ብለህ ጠቅልል» አልኩት።

ቤት ወስጄ ባዶውን ላቀባብለው ብሞክር ለቀኝ እጄ አልመች አለኝ። ከነሳጥኑ አልጋሽ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ከቤታችን ግራኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ።

የአደኑ ወቅት በጥቅምት መጨረሻ ይከፈታል። ሥራ ከያዘሽ አትጨነቂ፤ ዝገት እንዳይነካው ዘይት እየቀባሁ አቆይልሻለሁ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ቢቻል ወደዚህ።

እናትሽ ቬርና