የሽመላዋን መጨረሻ ላረሙልኝ ለአቶ ተውፊቅ

ዴም፣ ካርቱም
ጥር 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ተውፊቅ፣
በካርቱም የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን የሕፃናትና የታዳጊዎች መጻሕፍት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እዚሁ ካርቱም ሪያድ ሰፈር ያለው ቢሮዎ ማቀዝቀዣም፣ ለልጆች ማንበብ ሲጀምሩ ሦስት ጊዜ የሚጠርጉት ጉሮሮዎም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ዴም ከባለ ሦስት እግር ሪክሻዎች መቆሚያ ፊት ለፊት ልብስ የምሰፋው ያረጋል ነኝ። እርስዎ አያውቁኝ ይሆናል፤ ልጆቹ ግን ያውቁኝ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓርብ ዓርብ ልጆቹ ሱቄ ውስጥ አግዳሚው ላይና ጨርቅ ክምሩ ላይ ተቀምጠው ያነብቡ ነበር። ወደ አገራቸው የተመለሱ ወገኖች ትተውልኝ የሄዱት አርባ ያህል የልጆች መጽሐፍ አለኝ። ገሚሱ ሽፋን የለውም፣ አንዳንዱም መጨረሻ የለውም። መጨረሻ የሌለውን እኔ እየሰፋሁ በቃሌ እጨርስላቸዋለሁ። እስከ ባለፈው ኅዳር ድረስ ቅር ያለው አልነበረም።

በኅዳር ግን እርስዎ ከስምንት እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ላሉ ልጆች የመረጧቸውን አሥራ ሁለት አዳዲስ መጻሕፍት ዝርዝር በማኅበሩ በር ላይ ለጠፉ፤ ከዚያ ወዲህ ዓርብ ሱቄ ጸጥ ብሏል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

1. መጻሕፍትዎ ሽታቸው ግሩም ነው። ከእርስዎ ዘንድ ደርሶ የመጣ አንድ ልጅ የእኔን መጽሐፍ አሽትቶ “ለምንድን ነው ዘይት ዘይት የሚለው?” አለኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ያልታወቀኝን የስፌት መኪናዬን ዘይት ሽታ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

2. መጻሕፍቱን በዕድሜ ከፍለዋቸዋል። እኔ ያልተማርኩት ሰው የልጁን ፊት እያየሁ ነበር የምሰጠው፤ ቤት ተቆጥተውት ለመጣው የሚያስቅ፣ ካገር ቤት ገና መጥቶ አልናገር ላለው ሥዕል የበዛበት። የትውልድ ዘመን መጠየቅ ብቻ እንደሚበቃ አሁን ተምሬያለሁ።

3. የአባልነት ካርድ ለማውጣት የአሳዳጊ ኢቃማ ቅጂ እንዲቀርብ አዘዋል። የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ማሳደስ ያልቻሉ ወላጆች ያሏቸው ስድስት ልጆች በዚህ ምክንያት ከበርዎ ተመልሰው ወደ እኔ መጥተዋል። ጨርሶ ባዶዬን ስላላስቀሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

4. አራተኛው ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

ከውሰር የምትባለውን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ያውቋታል፤ ሲያነብቡ ከፊትዎ አገጯን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ የምትቀመጠው ናት። እናቷ ረሺዳ የወሎ ልጅ ናት፤ ካፉሪ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ልጇን ለእኅቷ ለኒዕማ ትታ ኩዌት ሄደች። እመቤቷ ስትፈቅድላት በወር አንዴ ትደውላለች።

እናቷ በሄደች ሳምንት ከውሰር ከመደርደሪያዬ ስለ አንዲት ሽመላና ስለ ጫጩቷ የሚተርክ መጽሐፍ አነሣች። እናት ሽመላ ጫጩቷን ወንዝ ዳር ትታ ትሄዳለች፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ስምንት ገጾች የሉም። ልጅቷ “ከዚያስ?” አለችኝ። ከምጠቅመው ጀላቢያ ላይ ዓይኔን ሳላነሣ፣ “ዝናቡ ሲመጣ እናትየዋ ተመለሰች፤ ከስንቱ ጫጩት መካከል የራሷን በድምፅዋ ለየቻት” አልኳት። ከዚያ ወዲህ ይህን መጨረሻ ስንት ጊዜ እንዳስደገመችኝ አላስታውስም።

የዝርዝርዎ ሦስተኛ መጽሐፍ ይኸው የሽመላዋ መጽሐፍ ነው፤ እንደገና ታትሞ፣ ስምንቱም ገጾች ተሟልተውለት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከውሰር አዲሱን መጽሐፍ አምጥታ ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠችው።

“ጋሽ ያረጋል፣ እናትየዋ እኮ አልተመለሰችም።”

የእኔ ኅትመት ሌላ ይሆናል ብዬ ለማምለጥ ሞከርኩ።

“እርስዎ ነዎት የጨመሩት?”

አዎ አልኳት። መጽሐፏን አንሥታ ሄደች። ሁለት ዓርብ አልመጣችም።

በሁለተኛው ዓርብ ሱቄን ዘግቼ ማኅበሩ ግቢ መጣሁ። ወንበር ማስተካከያ የመጣሁ መስዬ በመስኮት አየሁ። እርስዎ ገጽ ሲገልጡ እሷ ከንፈሯን አብራ ታንቀሳቅስ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ሚስቴ ትታኝ ስትሄድ እንኳ እንደዚያ አልቀናሁም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለኮሚቴው ሳይሆን ለእርስዎ ለብቻዎ እናዘዛለሁ። ልደት የምትባለውን የጎረቤቴን ልጅ በካርዷ ሦስተኛውን መጽሐፍ አስወጣኋት። ሐሳቤ እነዚያን ስምንት ገጾች ቆርጬ መመለስ ነበር። የያዝኩት መቀስ ወፍራም ካኪ የሚቆርጥ ነው፤ ወረቀት ምኑም አይደለም። የምቆርጠውን ልወቅ ብዬ ግን አነበብኩት። ጫጩቷ ውኃው እስኪደርቅ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ሌሎች ሽመላዎች በላይዋ ሲያልፉ ተከትላቸው ትነሣለች፤ በእናቷም አጠራር ትጣራለች፤ ከኋላ የቀረች ሌላ ጫጩት ትሰማትና ትከተላታለች።

መልካም መጨረሻ ነው፤ ይህን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል። የእኔ ለአንዲት ልጅ በልኳ የተሰፋ ነበር እንጂ የመጽሐፉ አልነበረም። መቀሱን አስቀመጥኩ። የመጽሐፉ ጀርባ በካርቱም ሙቀት ሙጫው ለቆት ስለነበር በጠንካራ ክር ሰፍቼ መለስኩት። ስለ ድካሜ ምስጋና አይላኩልኝ፤ በቅናት የተሠራ ሥራ ነው።

ባለፈው ዓርብ ከውሰር መጣች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

“እማዬ ደውላ ነበር። የሽመላዋን ታሪክ ነገርኳት።”

“የትኛውን መጨረሻ?” አልኳት።

“የእርስዎን። የመጽሐፉን አልነገርኳትም።”

ምን አለች አልኳት።

“ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት።”

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይህች ልጅ ከእርስዎ የተማረችውን ለራሷ ይዛ ከእኔ የሰማችውን ለእናቷ ላከች። ከሁለታችን ማን እንደ በለጠ ኮሚቴዎ ድምፅ ሰጥቶ እንዲወስን አልጠይቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እንቅልፌ መልካም ነው።

ቅናቱን ከአክብሮቱ መለየት ያቃተው፣ ኢቃማው ያላለፈበት፣ ዕድሜው ግን ለክፍልዎ ያለፈበት፣

ያረጋል ምስጋናው
ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ የዝርዝርዎ ዘጠነኛ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ “ለሁሉም ልጆች” የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ በርዎ ላይ ከለጠፉት የኢቃማ ማስታወቂያ ጋር ስለሚጋጭ ከሁለቱ አንዱን እንዲያነሡ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ።