ሽማግሌ የላክንበት ገጽ

ሰኞ

አርባ ሦስት ሰው ሳቀ። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው።

የልጅ ልጄ ሩት በኬሚስትሪ ተመርቃ ሥራ ፍለጋ ሁለት ዓመት ተንከራተተች። አሁን ሥራ በፌስቡክ ነው የሚገኘው ብለዋት ፎቶዋን ለጥፋ ስለ ራሷ ጽፋለች። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ ኮስተር ያለ ፊት። «ሰዓት አክባሪ፣ ታታሪ፣ ተግባቢ» ይላል። እኔ ደግሞ ኮስታራ ሰው ሳይ እጄን ይበላኛል። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይቺ ሰዓት አክባሪ ከሦስት ሰዓት በፊት ከቤት ወጥታ አታውቅም። የሚቀጥራት ፋብሪካ እሷ ስትደርስ ይከፈት።»

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አብረውኝ ጡረታ የወጡት ተሾመና መኮንን በሳቅ ሞቱ። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ማክሰኞ

ሩት እራቷን አልነካችም። ስወተውታት ስልኳን አቀበለችኝ።

ለካ ቃሊቲ ያለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ፣ አንዲት ሴት፣ ገጿን አይታ «ረቡዕ ለፈተና ነይ» ብላት ኖሯል። እስኪሳካ ብላ ደብቃኝ ነበር። ዛሬ ደግሞ «እኛ ጋ ሥራ የሚገባው አንድ ተኩል ነው። የሚመችሽ አይመስለኝም፤ ረቡዕ በከንቱ እንዳትደክሚ» የሚል መጣ።

«አይታዋለች፣ አባባ» አለችኝ።

«ቀልድ እኮ ነው። ሴትየዋ ቀልድ አይገባትም?»

«እርስዎን በምን ታውቅዎታለች?»

የጻፍኩትን አጠፋሁት፤ እሱንም እንዴት እንደሚጠፋ ያሳየችኝ ራሷ ናት።

ይህን ደብተር ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም፤ እውነቱን ልጻፍ። ሩት እስከ ሦስት ሰዓት ቤት የምትቆየው ተኝታ አይደለም። ዓይኔ ግፊት አለበት። ጠዋት ሁለት ዓይነት ጠብታ ታደርግልኛለች፤ በአንዱና በሌላው መሃል መቆየት አለ። ከዚያ ቁርሴ። ከዚያ ከአራተኛ ፎቅ ደግፋ ታወርደኛለች፣ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሊፍት አያውቅም። ግቢው ውስጥ ወንበሬ ላይ ካስቀመጠችኝ በኋላ ነው ወደ ራሷ ጉዳይ የምትሄደው።

ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የቀለድኩባት።

ረቡዕ

ዛሬ ነበር ፈተናው። ሩት ሸሚዙን ተኩሳው ኖሮ መልሳ ሰቀለችው።

በእኛ ወግ ያጠፋ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ለመኮንን ደወልኩ፤ መጥቶ ይዞኝ ወረደና «በሰቃ» በሚባለው ሻይ ቤት ከተሾመ ጋር ተገናኘን። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ስልክ፣ ሁለት መነጽር። የሴትየዋን ገጽ አገኘነው። የልጇን ልደት ፎቶ ለጥፋለች። ከኬኩ ሥር እንዲህ ጻፍን፦ «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጠቀሰው ሽማግሌዎች በልጃችን በሩት ጉዳይ ደጅዎ ቆመናል። እሺ እስኪሉን ድረስ አንቀመጥም።»

«ተቀምጠን አይደል እንዴ የምንጽፈው?» አለ መኮንን።

«አንተ ዝም በልና ስምህን ጨምር» አለው ተሾመ። እሱ ደግሞ «ልጅዎን ያሳድግልዎ» ብሎ መረቀ። ቀልሎኝ ተመለስኩ።

ሐሙስ

አልቀለለም።

አብራት የተማረች ልጅ የጻፍነውን ፎቶ አንስታ ልካላታለች። ሩት ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«አባባ፣ የሰው በር ላይ ብትቆሙ ሰፈሩ ብቻ ነው የሚያያችሁ። ይሄ አደባባይ ነው። አሁን ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በሽማግሌ ሥራ የምትለምን ብሎ ነው።»

«ለመካስ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ማንን? የበደሉት እሷን ነው እንዴ?»

ከዚያ ጠብታውን አደረገችልኝ። እንደ ወትሮው ግንባሬን ቀና አድርጋ ይዛ፣ መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። በሰባ ስድስት ዓመቴ እንደዚያ ደቂቃ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ያልኩበት ጊዜ የለም።

ዓርብ

ለተሾመና ለመኮንን ደውዬ ጽሑፉን ማጥፋቴን ነገርኳቸው። ተሾመ ምርቃቱ አብሮ በመጥፋቱ ቅር አለው።

ከዚያ ወደ ሩት ሄድኩ። ማድ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ።

«ይቀመጡ፣ ጉልበትዎ» አለችኝ።

«አልቀመጥም። ያዋረድኩት አንቺን ነው። ሽማግሌ የሚሆነኝም የለም፤ ራሴው መጣሁ።»

ሽንኩርቱን ከተፈች። «እሺ፣ ይቀመጡ» አለች። ይቅር ማለቷ ይሁን ጉልበቴ አሳዝኗት አልጠየቅኩም።

ለሴትየዋ ለብቻዋ የሚደርስ መልእክት ጽፌ ነበር፤ ሳልልከው ለሩት አነበብኩላት። «ልጅቷ የምታረፍደው እኔን ስታስታምም ነው። ከሰኞ ጀምሮ የዓይን ጠብታዬን ራሴ አደርጋለሁ። እንድትቀጥሯት አልለምንም፤ የዋሸው አያቷ መሆኑን እንድታውቁ ነው።» ሁለት ቦታ አረመችኝና «ይላኩት» አለችኝ።

ቅዳሜ

ምንም። ስልኩን አሥር ጊዜ አየሁት።

እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ መልስ መጣ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሩት። «ነገ አንድ ተኩል ላይ ነይ። ከዘገየሽ ግን በሩ ይዘጋል።» ሩት ሦስት ጊዜ አነበበችው። አንድ ቀልድ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ሰኞ

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጣች። ጠብታውን ራሴ አደረግኩ፤ ግማሹ ጺሜ ላይ ቀረ። ከፎቅ ሳልወርድ ዋልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰች።

«እህስ?»

«አንድ ሰዓት ላይ ደርሼ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ተፈተንኩ። በሳምንት ውስጥ እንደውላለን ብለዋል።»

«እኔን አነሱኝ?»

«ሴትየዋ 'ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ ወይ?' አለችኝ።»

ሩት ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም። ከንፈሯ ጫፍ ላይ ግን የሆነ ነገር ነበር።

ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ገጿን ልይ ብል ከጓደኞቼ መሃል የለችም፤ ለካ አውጥታኛለች፤ ሐሙስ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ቤት እየኖርን የጓደኝነት ጥያቄ ላክሁላት። ከግድግዳው ማዶ ስልኳ ጮኸ።

ባንኳኳ ትከፍትልኛለች፣ ሻይ ላፍላልዎት ትለኛለች። አላንኳኳሁም። ይኸው ግማሽ ሰዓት ሆነኝ፤ መልስ የለም። ስልኬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ እየጠበቅኩ ነው።