ለድንጋጤ የፈሰሰው ማኅተም

ውድ ጋሽ ኦግኒያን፣

እባክዎ ይህን ደብዳቤ ቀደው ሳይጥሉት እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። ባለፈው ስደውልልዎ ገና «ኔቬና ነኝ» ስል ጆሮዬ ላይ ዘጉብኝ፤ ደግ አደረጉ፣ እኔም ብሆን እዘጋ ነበር። አሁን ግን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከሙዚየሙ የጠፋው ጥንታዊ ማኅተም የት እንደገባ አውቄያለሁ። ካወቅኩ አራት ቀኔ ነው።

ያለፈው እሑድ እናቴ ጋ ሄጄ ነበር። እናቴን ያውቋታል፤ ዝላታ እርሳስ አፍሳሿ፣ ለደነገጠ ሰው እርሳስ ብረት አቅልጣ ውሃ ላይ የምታፈስሰው፣ እርስዎ «የመንደሩ ሐኪም» እያሉ የሚቀልዱባት። ለክረምቱ ቀይ ቃሪያ ጠብሳ እየላጠች ነበር። እኔ ደግሞ ሙዚየማችን ስለጠፉ ቅርሶች ያሳተመውን ትንሽ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ከፍቻለሁ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የእርስዎ ካሜራ ፊልሙ ሳያልቅ ያነሳው ፎቶ አለ፤ ሕፃኑን ያቀፈችው እመቤታችን ያለችበት የማኅተሙ አንድ ገጽ። እናቴ እጇ ስለቆሸሸ በክርኗ ወረቀቱን ሳብ አድርጋ አየችው።

«ይቺን እመቤት አውቃታለሁ» አለች።

«ከየት ታውቂያታለሽ? ቤተ ክርስቲያን ያለችው እኮ ሌላ ናት።»

«የምን ቤተ ክርስቲያን! ጭልፋዬ ላይ ነዋ። ፊቷ አልቀልጥ ብሎ ምን ያህል እንዳለፋኝ! ሦስቴ አማትቤ ነው የጨረስኳት።»

በስመ አብ! ጋሽ ኦግኒያን፣ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጬ ቆምኩ።

«እማ፣ ምን አልሽ?»

«ምን ያስጮህሻል? ካፖርትሽን ላሰጣ ስል ኪሱ ውስጥ አገኘኋት። እርሳሴ አልቆብኛል፣ አንዲት የደነገጠች ልጅ ደግሞ እየተንቀጠቀጠች በሬ ላይ ቆማለች። ምን ላድርግ? ቁራጭ እርሳስ ናት።»

«ከተማው ሁሉ ማኅተም ጠፋ እያለ ሲታመስ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ እንጂ! ማኅተም ሲሉ እኔ እንደ ማዘጋጃ ቤቱ፣ የእንጨት እጀታ ያለው፣ ቀለም እየነከሩ ወረቀት ላይ የሚመቱት መስሎኝ! ‹ይሄ ሰውዬ የማዘጋጃ ቤት ማኅተም ምን ሊያደርግለት ሰረቀ?› እያልኩ እኮ ነው አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት።»

ይስቁ ይሆን? እኔ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ።

ያን ሐሙስ አልረሳውም። የዳኑብ ወንዝ ሞልቶ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ እርስዎ ያን ትንሽ የእርሳስ ማኅተም ከቁፋሮው ጭቃ አንስተው በአውራ ጣትዎ ጠረግ አደረጉት። በአንዱ ገጽ እመቤታችን፣ በሌላው የግሪክ ፊደል። «እመ አምላክ ሆይ፣ አገልጋይሽን ጳጳስ ኒኪታስን ርጂ» ብለው አነበቡልኝ፤ ቀጥሎ የከተማችን የጥንት ስም ነበር። ይህች ከተማ በቢዛንታይን ዘመን የራሷ ጳጳስ ነበራት ብለው ሃያ ዓመት ሲከራከሩ የዋና ከተማው የሶፊያ ምሁራን ሲስቁብዎ ኖረዋል። ያን ዕለት አለቀሱ፣ ዝናብ ነው ብለው ሸወዱኝ። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝና «ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆልፊበት» አሉኝ።

እኔ ግን አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነበር። ነገ አስገባዋለሁ ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ያኔ የምኖረው ከእናቴ ጋ ነበር፤ በማግስቱ ካፖርቴ ስላልደረቀ ሌላ ለብሼ ወጣሁ፣ ነገሩም ከነጭራሹ ከአእምሮዬ ጠፋ። ሰኞ ሲፈለግ ታጣ። ኪሴን ፈተሽኩ፣ ባዶ ነው። መርማሪው «ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠሽዋል?» ሲለኝ፣ እንደማላስታውስ እያወቅኩ «አዎ» አልኩ። «እርግጠኛ ነሽ?» «እርግጠኛ ነኝ።» ቅዳሜ ቁም ሳጥኑን የከፈቱት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ፈረምኩ።

ከሥራ ተባረሩ፤ በርዎ ላይ በቀይ ቀለም «ሌባ» ተብሎ ተጻፈ። ሶፊያዎቹ ደግሞ ፊደሉ ያለበት ገጽ ፎቶ ስለሌለው «ጳጳሱንም ከራሱ ፈጥሮት ነው» አሉ። በዓይኔ አይቼዋለሁ ማለት የምችል ከእርስዎ ሌላ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አፌን ዘጋሁ። ልንገርዎ ጋሽ ኦግኒያን፣ ከዚህ የከፋም አለ፤ እውነትም ሌባ ሆነው እንዲገኙ እመኝ ነበር። እርስዎ ሌባ ከሆኑ እኔ ውሸታም አይደለሁማ።

እናቴን «ለማን ነው ያፈሰስሽው?» አልኳት።

አንድ ቃሪያ ላጠች፣ ሌላ አነሳች።

«አትናገሪ ብላኛለች።»

«ማን?»

«ራይና። የኦግኒያን ሚስት። እንግዲህ ነፍሷን ይማረው፣ አሁንማ ምን ቸገራት።»

ልጅዎ ካሊና ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። የጎረቤት ውሻ ዘሎባት ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል ሳትናገር ቀረች። እርስዎ ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ ባለቤትዎ ግን ቅዳሜ፣ እርስዎ ሥራ ላይ እያሉ፣ በጓሮ በኩል እናቴ ጋ አመጣቻት። «ኦግኒያን ከሰማ ቤቱ አይበቃንም» እያለች። እናቴ በቀይ ጨርቅ ሸፈነቻት፣ ውሃ የሞላ ሳህን ከአናቷ በላይ ይዛ የቀለጠውን አፈሰሰችበት። «ችስስ ከማለቱ ‹ራበኝ› አለች፤ ከዚያ ወዲያ አፏ ተዘግቶ አያውቅም» ትላለች እናቴ፣ እስካሁን እየኮራች።

የረጋውን እርሳስ ትራሷ ሥር እንድታደርግላት ለእናቷ ሰጠቻት። ማክሰኞ ቤትዎ ተፈተሸ። ራይና ራሷ ለእናቴ እንዳወራቻት፣ ፖሊሱ የልጅቷን ትራስ አንስቶ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። «የልጅ ነገር ነው» ስትለው መልሶ አስቀመጠው። ያ ማኅተሙ መሆኑን እርሷም አላወቀችም። ሳታውቅ ሞተች።

ከዚህ በኋላ «ይቅር ይበሉኝ» የሚለው ቃል አነሰብኝ፤ ግን ሌላ የለኝም። ይቅር ይበሉኝ።

ሰኞ ጠዋት እኔና እናቴ አቃቤ ሕግ ዘንድ እንሄዳለን። እርሷ «ካሰሩኝ ቃሪያውን አንቺ ትጨርሺዋለሽ» ብላ የፋሲካ ቀሚሷን አውጥታለች። እኔ ቃሌን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አንዱን ቅጂ ከዚህ ጋር ያገኙታል። ማኅተሙ ኪሴ ውስጥ እንደነበር፣ «እርግጠኛ ነኝ» ያልኩት ውሸት እንደሆነ፣ የጳጳስ ኒኪታስ ስም የተጻፈበትን ገጽ ከእርስዎ ጋር በዓይኔ እንዳየሁ ይላል። ለሶፊያዎቹም ልኬላቸዋለሁ። ሥራዬ ይሄዳል፤ ይሂድ። ለካሊና ግን ከእኔ አፍ ሳትሰማ እርስዎ ይንገሯት፤ አባቷ ሌባ እንዳልነበረ።

ያኔ የፈረመችብዎ፣ ዛሬ የምትፈርምልዎ፣
ኔቬና