ዳለቻ ለሰኞ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1999

መጡ! የመኪናዬ ሞተር የላይኞቹ ዘንጎች፣ ሁለቱም ካምሻፍቶች መጡ። ዕቃ ሻጩ ሰዒድ ከወልዲያ በአውቶቡስ ልኳቸው፣ በጆንያ እንደተጠቀለሉ አቅፌ ቤት አስገባኋቸው። ያገለገሉ ናቸው፤ ግን ገላቸው ልስልስ ነው፣ ጭረት የለባቸውም። ቺንጋው የሚዞርባቸው ጥርሳም ፑሊዎችም አብረው መጥተዋል።

ስልክ ቤት ሄጄ ደወልኩለት። «ወላሂ ሞላ፣ ምልክቱ ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቶበታል። እሱን ይዘህ ግጠም፣ ዓይንህን ጨፍነህ ነው» አለኝ።

ያለኝ ጊዜ ይኸው፦ ነገ ገብርኤል ነው፣ አይሠራም። ቅዳሜ ማርያም ናት፣ አይሠራም። ዓርብና እሑድ ይቀራሉ፤ እሑድም ከቅዳሴ በኋላ፣ ያውም እናቴ እማሆይ ከፈቀዱ። ሰኞ መንገድ። ማክሰኞ ጠዋት ወልዲያ የመጡት የዓይን ሐኪሞች እናቴን ይቀበሏቸዋል። ያ ቀን ካመለጠን ሐኪሞቹም ወዳገራቸው ይሄዳሉ፣ የእማሆይም ዓይን እንደጨለመ ይቀራል።

በአውቶቡስ እንሂድ ብዬ ለምኛለሁ። «የማላየው ሹፌር አይነዳኝም» አሉ። እኔንስ መች ያዩኛል ብላቸው «አንተንማ ጉድጓድ ሲገጥምህ ስለምትሳደብ አውቅሃለሁ» አሉኝ።

ሐሙስ፣ ገብርኤል

መፍቻ አልነካሁም። ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ የአሸተንን ተራራ ሳይ ዋልኩ። ለገና የሚመጡት እንግዶች ከአሁኑ መንገዱን ይዘውታል። ነጭ በነጭ ናቸው። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ሰዎቹ ይጠፉና መንገዱ ራሱ ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ይመስለኛል። እንዲህ ዓይነት ቀን ሰው ሳይተኛ ሕልም ያያል።

መኪናዬ አፏን ከፍታ፣ አንሶላ ለብሳ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ዳለቻ ያልኳት በቀለሟ ነው፤ አባቴ ዳለቻ በቅሎ ነበረችው። ባለፈው ወር እንግዳ ላመጣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስወርድ ቺንጋዋ ተበጠሰ። ቺንጋው የሞተሩ የታችኛውና የላይኞቹ ዘንጎች አብረው እንዲዞሩ የሚያስር ነው። ሲበጠስ፣ ወይም አንድ ጥርስ ሲስት፣ ፒስተኑ ወጥቶ ቫልቩን ይመታዋል። ያን ለት የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የሞተሩን ራስ ልኬ ቫልቮቹን ወልዲያ አስለወጥኩ፤ የተጎዱት ካምሻፍቶች ብቻ ቀርተው ነበር። አሁን አንዲት ስሕተት ብሠራ ከገና በፊት ሌላ ዕቃ አላገኝም።

እማሆይ ከገነተ ማርያም መጥተው እኔ ዘንድ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ብዙ ዘመን ሆነው። ለእሳቸው እኔ ገና ጢም ያላበቀልኩ ጎረምሳ ነኝ። አንዳንዴ ይሄ ደስ ይለኛል፤ በዓለም ላይ አንድ ሰው ዘንድ አላረጀሁም።

ዓርብ

ጥሩ ቀን። ካምሻፍቶቹን ዘይት አጠጥቼ በየመቀመጫቸው አስተኛኋቸው። ቆቦቻቸውን በቁጥራቸው ተራ አድርጌ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቅሁ። የቸኮለ ሰው ካምሻፍት ይሰብራል። ደግነቱ እኔ ስቸኩል እጄ ይዘገያል።

ፑሊዎቹን ገጠምኩ። ነጩን ቀለም ሞተሩ ላይ ካለው ጭረት ጋር አስተያየሁት፤ የግራው ልክ፣ የቀኙም ልክ። የታችኛውንም ምልክቱ ላይ አቆምኩት። ቺንጋውን ላጠልቅ ስል መሸ። ለእሑድ።

ቅዳሜ፣ ማርያም

ማኅበር ሄጄ ጠላ ቀምሼ፣ ልቤ ሞቅ ብሎ ተመለስኩ። ግቢው ስገባ እማሆይ ዳለቻ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የጠበል ጀሪካን። በእጃቸው የቤተ ክርስቲያኑ እምነት፣ ያ በጠበል ለውሰን ሕመምተኛ የምንቀባው አፈር። እሱን በጨርቅ አድርገው የሞተሬን ፑሊ ያሹታል! የቀኙን ጨርሰው ወደ ግራው አልፈዋል። ነጩ ቀለም የለም። ጭቃ ብቻ።

ጮህኩ። «እማሆይ፣ ምን አደረጉኝ! ገደሉኝ እኮ!»

እጃቸውን ሰበሰቡ። «ብረትም ቢሆን የታመመ ነው ብዬ ነዋ። አንተ በዓል ነው ብለህ አትነካው፤ ማርያም ግን በበዓሏ ትሠራለች» አሉ።

ምን ይመለሳል? እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት አስገባኋቸው። እራት ላይ ሽሮውን ወደሳቸው ስገፋ ወደኔ መልሰው ገፉት። ከመጮሄ ምላሴን ብነክስ ይሻለኝ ነበር። በተኛሁበት ነጭ የለበሰው ሰው ሁሉ በዳለቻ ጥርሶች መካከል ሲያልፍ አየሁ፣ አንድ ጥርስ አንድ ሰው፣ ማንም ሳይጋፋ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ጭቃውን በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩ። አሸዋ ሞተር ውስጥ ከገባ አለቀልኝ፤ እያንዳንዷን ጥርስ ለብቻ ጠረግሁ። የግራው ፑሊ ላይ፣ ቀለሙ ከነበረበት ሥር፣ በብረት የተመታች ትንሽ ነጥብ አለች። ጥሩ። የቀኙን ዞሬ ሳይ እጄ ቆመ። እዚያም ነጥብ አለች፤ ግን ቀለሙ በነበረበት፣ ከሞተሩ ጭረት ትይዩ፣ አይደለም። አንድ ጥርስ አልፋ ነው ያለችው። ከደረቀ የሞተር ቅባት ሥር ተቀብራ ነበር።

ማንን ልመን? ቀለሙን ወይስ ነጥቧን? የሰዒድን ቃል ወይስ ዓይኔን? አሮጌውን የዳለቻን ፑሊ ከቁርጥራጩ መሃል ፈልጌ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። ነጥባቸው አንድ ቦታ ነው። ቀለሙን የቀባው የድሮ መካኒክ ተሳስቶ ነበር፤ እኔም ተከትዬው ልሳሳት ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በነጥቧ ገጠምኩ። ቺንጋውን አጠለቅሁ። መወጠሪያውን መጀመሪያ ከልክ በላይ አጠበቅሁት፤ ስነካው ይንጫጫል፣ እንዲህ ከዞረ ኩሽኔታውን ይበላዋል። አላላሁ። አሁን ደግሞ ለቀቅ አለ። ረጅሙን ወገን በሁለት ጣት ይዤ ስጠመዝዘው እስከ ጎኑ ብቻ መዞር አለበት፣ ከዚያ አልፎ እንቢ ማለት። ሞከርኩ፣ ነካ አደረግሁ፣ ሞከርኩ። ጣቴ «በቃ» አለኝ።

ሞተሩን ቀስ አድርጌ በመፍቻ አዞርኩት። የሚጋጭ ነገር የለም። ነጥቦቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ቁልፉን ስጠመዝዝ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ተነሣች! እማሆይ ከቤት ሆነው እልል አሉ። ማሸታቸው እንዳዳነኝ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው የዳለቻን ቡሎን ሁሉ ማሸት ይጀምራሉ።

ሰኞ፣ ጊዮርጊስ

ሌሊቱ ሳይለቅ ወጣን። አገሩ ሁሉ ወደ ላሊበላ ይወጣል፣ እኛ ብቻ እንወርዳለን። ጭጋጉ ውስጥ ነጭ ጋቢዎች እየመጡ በግራና በቀኝ ያልፉናል፤ እኔ የምነዳ ሳይሆን ወንዝ መሃል የቆምኩ መሰለኝ። ገነተ ማርያም ስንደርስ እማሆይ ሳልነግራቸው አማተቡ። ኩልመስክን እንዳለፍን አንቀላፉ። የዳለቻ ድምፅ አንድ ወጥ ነው፤ ሳዳምጠው ሕፃን ሆኜ ጀርባቸው ላይ የታዘልኩ ያህል ይሰማኛል።

ድልብን ስንወርድ ነቁ። ያኔ አላስቻለኝም፣ ነገርኳቸው። የነጥቧን፣ የቀለሙን፣ ሁሉንም።

«ታዲያ ለምን ጮህክብኝ?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማሆይ።»

«እግዚሃር ይፍታህ። ፊትህን ወደ መንገዱ።»

ረቡዕ

ትናንት አንዱን ዓይናቸውን ሠሩላቸው። ዛሬ ጠዋት ፋሻው ተነሣ። እኔ ግቢው ውስጥ ዳለቻን ተደግፌ እጠብቃለሁ። ቢያዩስ? ባያዩስ? ቢያዩና ይሄ ሽማግሌ ማነው ቢሉኝስ?

ማንም ሳይደግፋቸው ወጡ። ፀሐዩን በእጃቸው ከልለው ቀጥ ብለው መጡ፤ ግን ወደኔ አይደለም፣ ወደ ዳለቻ ነው። «እስቲ ያን ያሸሁትን ብረት አሳየኝ» አሉ። አይታይም፣ ክዳን አለው ብል ማን ይሰማኛል። ሐኪም ቤት ደጅ ላይ ክዳኑን ፈትቼ አሳየኋቸው።

ጎንበስ አሉ። አዩ። «ይሄን ነው? ገና ቆሻሻ ነው እኮ!» የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ።

«እማሆይ፣ አይነካም!»

ሳቁ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ። ጢሜን፣ ግንባሬን፣ ሽበቴን። «አባትህን መስለሃል» አሉ።

ክዳኑን መልሼ ልገጥም ብል ዓይኔ እንባ ሞልቶ የቡሎኑ ቀዳዳ ጠፋኝ። በጣታቸው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው።