ለሶስና የተከፈተው መስኮት

ትግስትዬ፣ የልጄ እናት፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል፤ አንቺን እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ ግን አላወቅኩም። ከተለያየን ሰባት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀርቷል። ያኔ የሃያ ሦስት ቀን ጨቅላ የነበረችው ሶስና ዛሬ ትራስ ተደግፋ ትቀመጣለች። ከታች ሁለት ጥርስ አብቅላለች። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ አቅፋት የገባችው ያንቺ ታላቅ እህት ናት፤ እኔ ከኋላ ቆሜ የማየው ያንን ባዶ ቦታሽን ነበር።

ቤቱ እንዳለ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ተለውጧል። ከአልጋችን ራስጌ ያለውን መስኮት ዘግቼ ስንጥቁን በጨርቅ ወትፌዋለሁ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በዚያ በጥር ሙቀት ትኩሳቱ ሲያነድሽ፣ ክፈትልኝ ብለሽ ለመንሽኝ፣ ከፈትኩልሽ። በሦስተኛው ቀን አረፍሽ። ሐኪሙ ከወሊድ በኋላ የገባ ኢንፌክሽን ወደ ደምሽ መዛመቱን ቁጭ አድርጎ አስረድቶኛል። ለቅሶ ላይ ግን ከኋላዬ የተቀመጠች አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ አራስ ሴት ንፋስ ላይ ጥሎ ገደላት ስትል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ የሐኪሙ ቃል በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ፤ የሷ ግን እስካሁን አለ።

ስለዚህ ሶስናን ጠቀለልኳት። የደብረ ብርሃን ውርጭ ያሳደገው ሰው የቦንጋን ዝናብ ይፈራል እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። አሁን ብታዪኝ ምን ትዪ ነበር? ዳይፐር፣ በላዩ ላስቲክ ሱሪ፣ በላዩ ወፍራም ቱታ፣ በላዩ ብርድ ልብስ። ራቁቷን መሆኗን ስለምፈራ በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ አልቀይርላትም። ስቀይርም እጄ ይጣደፋል፤ ሽቶ ባለው እርጥብ ሶፍት ጠረግ አድርጌ፣ ሳይደርቅ፣ እዚያው እዘጋዋለሁ። ንፋስ ሳያገኛት ከጨረስኩ ጎበዝ አባት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ቁስሏን መጀመሪያ ያየችው ባለሱቋ እትዬ ዘሃራ ናት። ጠዋት ጠዋት የክረምት ማጠናከሪያ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ስሄድ ሶስናን የምትይዝልኝ እሷ ናት፤ ከሱቋ መደርደሪያ ጀርባ ታስተኛታለች። አንድ ቀን ልጅቷን ልወስድ ስመጣ እንደወትሮው አልቀለደችብኝም። መቀመጫዋ ቀልቶ፣ በእጥፋቶቿ መሃል ቆዳው ተልጦ ነበር። ፓውደር ነሰነስኩበት። ባሰ። ላም እሳት ወለደች የሚባለው ደረሰብኝ፤ ልጠርጋት ስል ትጮሃለች፣ ልተዋት ስል ሽንቱ ያቃጥላታል። ከሷ ጋር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ይኼ ወሬ ከገበያተኛ ጋር እናትሽ መንደር ማንኪራ ደረሰ። እናትሽ በአርባሽ ማግስት ሽማግሌዎቹ ፊት ያሉት ትዝ ይለኛል፤ ልጅቷ ካንተ ጋር ትቆይ፣ ካልቻልክ ግን የልጄን ልጅ እኔ አሳድጋለሁ ብለው ነበር። አሁን ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ልወስዳት እመጣለሁ ብለው ላኩብኝ። ትግስት፣ አልፈረድኩባቸውም። ግን ሶስና ከሄደች በዚህ ቤት ውስጥ ካንቺ የሚቀርልኝ አንድም ትንፋሽ ያለው ነገር የለም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ በእድሜ ከተማሪዎቼ ብዙ አትበልጥም። በቀን ስንቴ ትቀይርላታለህ አለችኝ፤ ነገርኳት። ገላዋ አየር የሚያገኘውስ መቼ ነው ስትለኝ የተጠቀለለችበትን ብርድ ልብስ ማላላት ጀመርኩ። አልተቆጣችኝም። እንደራሰች ሳትዘገይ ቀይር፣ በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ከፊት ወደ ኋላ እጠብ፣ ሳትፈትግ ጫን ጫን እያደረግክ አድርቅ፣ እስኪደርቅ ክፍት ተዋት፣ ከዚያ ቅባቱን ቀባ አለችኝ። ፓውደሩንም፣ ሽቶ ያለውን ሶፍትም፣ ላስቲኩንም ከለከለችኝ።

ቤት ገብቼ ለስላሳ ጥጥ ፈለግኩ። ያለው ያንቺ ነጠላ ብቻ ነው፤ አረንጓዴ ጥለት ያለው፣ በመታጠብ ብዛት የሳሳው። ካለፍሽ ወዲህ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም ነበር፤ አንዳንዴ ፊቴን እቀብርበታለሁ፣ ጠረንሽ አልጠፋም ነበርና። መቀሱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ቆረጥኩት። አስራ አራት ቁራጭ ወጣው፤ ጥለቱ ያለበት ጫፍ ሁለቱ ላይ ቀረ። ቀቅዬ ሳጥበው ጠረንሽ ከውሃው ጋር ሄደ። ይቅር በይኝ።

መስኮቱን ግን አልከፈትኩም። በተዘጋ ክፍል ራቁቷን አስተኛታለሁ፣ ዝናቡ አያባራም፣ ጨርቁ አይደርቅም፣ ግድግዳው ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ቁስሉም ሊሽር እንደማለት እያለ አይድንም። በአራተኛው ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል የወተፍኩትን ጨርቅ ነቀልኩና ከፈትኩት። ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ፣ በንፋሱና በሷ መሃል ቆምኩ። ሶስና እግሯን ወደ ላይ አንስታ ጣቷን ያዘች። ከብዙ ቀን በኋላ ሳታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከፈትኩት፤ ሐሙስ ዕለት የተላጠው ገጥሞ ቅላቱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ቅዳሜ እናትሽ መጡ። ድምፃቸውን ከግቢ ስሰማ ያደረግኩት ያሳፍረኛል፤ ሮጬ መስኮቱን ዘጋሁት። በልጃቸው ላይ የከፈትኩትን መስኮት በልጅ ልጃቸውም ላይ ከፍቼ እንዲያገኙኝ አልፈለግኩም። ገቡ፣ ልጅቷን አገላበጡ፣ እጥፋቶቿን አንድ በአንድ ከፍተው አዩ። ከዚያ አጠገቧ የተጣጠፈውን ጨርቅ አንስተው ጥለቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። አወቁት። ቤቱ ለምን ታፈነ ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰባት ወር ሙሉ ሊያውቁብኝ ነው እያልኩ ዓይናቸውን የሸሸሁበትን፣ ያንን የጥር ቀን፣ የለመንሽኝን፣ የለቅሶዋን ሴት። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ። ተነሱና ወደ መስኮቱ ሄዱ።

«ልጄን ንፋስ አልገደላትም፤ አንተም አልገደልካትም» አሉኝ። ከፈቱትና «ይግባላት» አሉ።

ከዚያ ሶስናን አቅፈው በቋንቋችሁ በካፊኖኖ ረጅም ነገር ነገሯት። ስምሽን ብቻ ለየሁ። አንቺ ብትኖሪ ትተረጉሚልኝ ነበር፤ እሳቸውን ደግሞ ምን እንዳሏት መጠየቅ አልቻልኩም። ሲመሽ ለብቻቸው ተመለሱ። ጥለት ካለባቸው ቁራጮች አንዱን ጠይቀውኝ በመቀነታቸው ቋጥረው ወሰዱት።

ሶስና ቀርታልኛለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ የምነግረው ሰው አጥቼ ይኸው ላንቺ እጽፋለሁ። አሁንም ዝናብ ነው፣ ጨርቆቹ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥተዋል፣ እሷ ክፍት ሆና ተኝታለች፣ መስኮቱም ተከፍቷል። ከዚህ ቁጭ ብዬ ሳየው ነው የረሳሁት ነገር የመጣልኝ። ያን ቀን ስከፍትልሽ፣ ንፋሱ ፊትሽ ላይ ሲደርስ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ፈገግ ብለሽ ነበር። ያቺ ሴት ያለችው ነገር እንዴት አድርጎ ይህንን እንደሸፈነብኝ እንጃ።

ሶስና ነፍስ ስታውቅ የምነግራት ይህንን ነው። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ፈገግታሽን አልረሳም።

የሶስና አባት